የሳምኩት ጽዋ

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። ክረምቱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ፊታቸውን እንደ ሰማዩ አጥቁረው ዙሪያዬን ተቀመጡና፣ «እማማ፣ አንቺ ግን እንዴት ነው የማይከፋሽ? ንገሪን እስቲ» አሉኝ። አይ ልጆች! የማይከፋው ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩም ቢሆን ባለቤቴ ሲጠርበው ይጮህ ነበር። ይከፋኛል እንጂ፣ ለምን አይከፋኝም? እንግዲህ ከጠየቃችሁኝ፣ የከፋኝን ትቼ ስለ ጽዋው ልንገራችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። እግሬም አፌም መዞር ይወዳሉና፣ ወሬዬ መንገድ ሲስት ጎትታ የምትመልሰኝ እሷ ናት።

ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ያኔ አራዳ ነው፤ ፒያሳን ጣልያን ነው በኋላ ያመጣው። ቤታችን ከገበያው ዝቅ ብላ ዶሮ ማነቂያ ነበረች። ሣር ክዳን ናት፤ መሀሏ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ባንዱ በሩን፣ በሌላው ጓዳውን እነካ ነበር። ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። ባለቤቴ ከመንዝ የመጣ ድንጋይ ጠራቢ ነው። አራዳ ላይ ነጋዴው ሁሉ የድንጋይ ቤት ካልሠራሁ የሚልበት ጊዜ ስለነበር፣ ሥራ ሞልቶለት ነበር። ዘመድ ግን የለውም። በዚህ ከተማ ለሱ ዘመድ ማለት ማኅበሩ ነው፤ በየወሩ በሃያ ሦስት ለጊዮርጊስ የሚሰበሰቡ አሥራ ሁለት ሰዎች። ሲታመም የሚጠይቁት እነሱ፣ ሲሞት የሚቀብሩት እነሱ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ግሪክ የሚያሠራው ፎቅ ላይ ሆኖ፣ የቆመበት እንጨት ከድቶት ወደቀ። ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ፣ በቀርከሃ አስሮ፣ «አርባ ቀን መሬት እንዳይነካ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይቁም፤ ካልቆመ እግሩ ይረሳዋል» ብሎን ሄደ። እኔ የፈራሁት እግሩን ነበር። ለካ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ዙር ሲሉት ይዞራል፤ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም።

የሰኔ ጊዮርጊስ ደረሰና በሱ ፈንታ እኔ ማኅበሩ ዘንድ ሄድኩ። ባል ሲታመም ሚስት ትሄዳለች፣ ነውር የለውም። በላን፣ ጠጣን፣ ጸሎቱ ተደረሰ። ከዚያ ጽዋው ተነሳ። ማኅበር ላልገባችሁ ልንገራችሁ፤ ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። የሚቀጥለውን ወር የሚደግሰው ሰው ቆሞ ይቀበለዋል፣ ይስመዋል፣ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። አንዴ ከሳመው የሱ ነው። መልስ አይባልም፤ ባለ ዝክሩን ጊዮርጊስን መመለስ ነው።

ተራው ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ነበር። ቄሱ ጽዋውን ይዘው ሲመጡ፣ አሮጊቷ ጉልበታቸውን ጨብጠው ለመነሳት ይታገላሉ። ቄሱ ቆመው ሲጠብቁ አሳዘነኝና፣ «ይነሱ እማማ፣ እስከዚያ ልያዝልዎት» ብዬ ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ ተቀበልኩላቸው። ልያዝላቸው ብቻ ነበር። ነገር ግን ጽዋው እጄ ላይ ሲያርፍ፣ ከልጅነቱ የተቀደሰ ነገር ሲያይ መሳም የለመደ አፍ ምን ይደረጋል! ሳምኩት።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም ለአሮጊቷ እልል የሚሉ መስሎኝ አብሬ እልል አልኩ! ድምፄ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ ተነሱና፣ «ልጄ፣ ወንድነትሽን ወደድነው» አሉኝ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። «ባልሽ ተኝቶ፣ ክረምት ገብቶ፣ ሳትጠየቂ ጽዋ ታነሻለሽ!»

«ኧረ አባባ፣ እኔኮ እንዲያው ልያዝላቸው ብዬ…»

«ታዲያስ! ያዝሻ!» አለ ከወዲያ ጥግ አንዱ ቀልደኛ። ቤቱ ሳቀ።

አሮጊቷ ደግሞ ተመልሰው ተቀመጡና ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ጊዮርጊስ የጉልበቴን ነገር ያውቃል። እሰይ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ ከአንቺ ቀጥዬ እቀበላለሁ» አሉ። እንግዲህ እሳቸውን ተነሱ ልበላቸው?

በዝናብ እየዘመሩ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። ጽዋውን ከራስጌው ሳስቀምጥ ባለቤቴ ዞሮ አየው። እኔን አየ። «አበቃልን» አለና ወደ ግድግዳው ተመለሰ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ያ ነበር። ምን እንዳስፈራው አውቄያለሁ። ሃያ ሦስት ሲደርስ ባዶ ቤት ከተቀበልናቸው፣ ባያባርሩንም ከዚያ በኋላ በየትኛው ዓይኑ ያያቸዋል? ያለችውን አንድ ዘመድ እኔ በከንፈሬ ላጠፋበት ነው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድ ልማድ ነበራት። ፈትሏን ስትጠቀልል የቀኑን ክፉ ነገር አታወራም። «ክፉውማ ሳትጠሪው ይመጣል፤ ደጉን ግን ካልፈለግሽው አይመጣም» ትል ነበር። ያ ትዝ አለኝና እንደሷ አደረግኩ። ጠዋት ፈትሌን ይዤ ገበያ እወጣለሁ፤ በገብስና በባቄላ፣ በጌሾም እለውጣለሁ። ከዚያ ቀጥ ብዬ ቤቴ መግባት ሲገባኝ እዞራለሁ። ለራሴ መዞር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሱ አንድ ደግ ነገር ፍለጋ ነው። እሱ መውጣት ካልቻለ አራዳን በነጠላዬ ቋጥሬ ላምጣለታ! ማታ ልቃቂቴን እየጠቀለልኩ ለጀርባው አወራለታለሁ። አንድ ቀን የዶሮ ነጋዴ አውራ ዶሮ አምልጦ የግሪኩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጮህ፣ ገበያተኛው ከሥር ሆኖ «ቀኛዝማች፣ ይውረዱ እንጂ!» እያለ ሲለምነው የዋለውን። አንድ ቀን ከዝናቡ በኋላ እንጦጦ ታጥቦ ቅርብ ሆኖ መታየቱን። ጀርባው አይመልስም። እኔም አላቆምኩም።

አንድ ቀን ታች ድልድዩ ጋ ወረድኩ፤ ራስ መኮንን የምትሉት። አንድ ወፍራም ጌታ በበቅሎ መጡ፤ ቀሚስ የሚያህል ካባ ለብሰዋል። በቅሎዋ ድልድዩ መሀል ስትደርስ ቆመች። ገፏት፣ ለመኗት፣ ሰደቧት፣ ጭራሽ ተኛች። ከኋላ አህያው፣ እንጨት ተሸካሚው፣ ውሃ ቀጂው ሁሉ ተከማቸ። ይሄኔ አንዱ የአራዳ ልጅ፣ «ጌታዬ፣ አይፍረዱባት፤ እስካሁን እርስዎ ተቀምጠውባታል፣ አሁን የሷ ተራ ነው!» አላቸው። ድልድዩ ሊፈርስ ነበር በሳቅ። ጌትዬውም ሳይወዱ ሳቁ።

ይሄንን ለጀርባው ነግሬ ጨረስኩ። ልቃቂቴን አስቀምጬ ልነሳ ስል፣

«ከዚያስ? ተነሳች?» አለ።

«ማን?»

«በቅሎዋ ነዋ!»

ልጆች፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ደስ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። እንደ «ተነሳች?» ያለ ቃል ግን አልሰማሁም። ተነሳች አልኩት። እውነቱን ለመናገር መጨረሻዋን አላየሁም። ግን ተነሳች።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ «ዛሬስ ምን አመጣሽ?» ማለት ጀመረ። አርባ ቀኑም አለፈ፤ ወጌሻው መጥቶ ቀርከሃውን ፈታ፣ «ቁም» አለው። እሱ ግን፣ «እግሬ ሞቷል፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ተኛ። ይሁን አልኩ። ጠላዬን ጠመቅኩ። ጋኑን ሞልቼ፣ አፉን በጭቃ መርጌ ጥግ አስቀመጥኩ። ያን ዓመት ሃያ ሦስት ረቡዕ ይውል ነበር፤ ጾም ስለሆነ ምግቡ ቀላል ነው፤ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ። ጠላው ካማረ ሁሉ አማረ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ስነሳ፣ ጣሪያችን ከጋኑ አናት በላይ ተቀዶ አድሯል። ዝናቡ ጭቃውን አጥቦ፣ የሣሩን ጥቀርሻ ይዞ ጋኔ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ነው ያደረው። ጠላዬን አየሁት፤ የጫማ ማጠቢያ መስሏል። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እንግዲህ ልጆች እንዴት አይከፋሽም ትሉኛላችሁ! ደግ ነገር ልፈልግ ብል፣ ያን ቀን አራዳ ሁሉ ጥቀርሻ ነበር። «ዛሬ ምንም የለኝም» አልኩት።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፣ «ዛሬ እኔ አለኝ» አለ።

«ምን?»

«ጋኑ አልተሰበረም።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ተነስቼ ጋኑን እየቀዳሁ ጓሮ መድፋት ጀመርኩ።

ከአጥራችን ማዶ የወሎ ሴት ነበረች፤ እስላም ናት፤ ባሏ ጨው እየጫነ አገር ለአገር ይዞራል። ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች፣ እትዬ ነው የምላት። በመካከላችን የባሕር ዛፍ አጣና አለ፤ በቀዳዳው እሳትም እንጫጫራለን፣ ወሬም እንለዋወጣለን። ስደፋ ሰማችኝ።

«አንቺ! ምን ትደፊያለሽ? የጠገበ ቤት!»

«ጠላዬ ተበላሸ፣ እትዬ። ጽዋው ሊወጣ አራት ቀን ነው የቀረኝ።»

«ሌላ ጥመቂያ!»

«በአራት ቀን ጠላ አይደርስም። ጌሾም የለኝ። ገብስ አለኝ፣ ትንሽ ብቅል፣ ለባሌ ያስቀመጥኩት ማር። በቃ።»

በአጣናው ቀዳዳ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል፤ ዓይኗ ያስባል። ከዚያ እነሱ የከፋውን ሰው የሚያጽናኑበትን ቃል አለችኝ። «አብሽሪ። እኛ ጋ ለሠርጉም ለመውሊዱም ጌሾ ማን ያያል? ቀሪቦ ትሠሪያለሽ። የገብስ ነው፤ ይጣፍጣል፤ አያሰክርም።»

«እኔ አላውቅበትም።»

«እኔ እያለሁ? እጄን እንኳ ከአጥር ወዲህ አስቀረዋለሁ፤ የጽዋችሁ ቤት ነው፣ ሰዎችሽ ቅር እንዳይላቸው። አፌን ግን ማን ይከለክለዋል? እሱ ይሻገራል። በይ፣ መጀመሪያ ገብሱን ቁዪ።»

«እሱንማ ለጠላም እንቆላለን።»

«ከሱ የበለጠ። ይጥቆር፤ ግን አይረር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነገ እነግርሻለሁ። አብሽሪ።»

ቀኑ አራት፣ ሴትዮዋ ነገ ትላለች! ቆላሁ። በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ጋ ሄጄ «እትዬ!» ብል፣ «ቆይ! ከሰዓት!» አለችኝ። ከቤቷ ጭስ ይወጣል፤ ያረረ ገብስ ይሸተኛል።

«ምን አረረብሽ?»

«የባሌ ቆሎ ነው! አንቺ የራስሽን ምጣድ ጠብቂ!»

ባሏ መንገድ ከሄደ ወር ሆኖታል። እኔ በራሴ ጭንቀት ነገሩን አልመረመርኩትም። ከሰዓት በኋላ፣ «ክክ አድርገሽ ፍጪው፣ አፍዪው፣ አጥልዪው። ሙቅ ሆኖ ብቅል እንዳይነካው፤ ብቅሉ ይሞታል» አለችኝ። የወሎ ሴት ሙያዋን ባንዴ አትሰጥም፣ እንደ ሙሽራ እየቆነጠረች ታሳያለች ብዬ በልቤ አማኋት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ስለ ማሩ ጠየቅኳት፤ «ቆይ» አለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መጣችና፣ «ብቅሉን ቆንጥሪ፤ ማሩን ግን ሁሉንም፤ እንዳትሰስቺ! ከዚያ አፉን ግጠሚና ሞቅ ያለ፣ ጠብታ የማይነካው ቦታ አሳድሪው» አለችኝ።

ጠብታ የማይነካው ቦታ! ቤቴን ዞርኩት። ጓዳው ይፈሳል፤ በሩ ጋ ይፈሳል፤ ምድጃው አጠገብ ድስት ደቅኛለሁ። መሀል ቆሜ ጋኑን አቅፌ ግራ ገባኝ።

«እዚህ ነው» አለ ባለቤቴ።

«የት?»

«እኔ የተኛሁበት። ሁለት ወር ሙሉ ጣሪያውን ሳነብ ከርሜ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። እዚህ ጠብ ብሎ አያውቅም።»

«አንተስ?»

ክንዱን መሬት ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ግድግዳውን ያዘ፤ ያንኑ ሲያየው የከረመውን ግድግዳ። ተነሳ። ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ግን ቆሟል! ባንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ በሌላው መደቡን ሲያሳየኝ፣ እኔ ጋኑን አቅፌ ፈዝዤ ቀረሁ።

«አስቀምጪው እንጂ፣» አለኝ፣ «ወይስ የሱ ተራ ነው ልበልሽ?»

የበቅሎዋን ነገር ማለቱ ነው። ጋኑን በሱ ፍራሽ ላይ አስተኛሁት፤ ጋቢውንም አለበስኩት። እሱ ሁለቱንም ሌሊት ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጦ አደረ።

ረቡዕ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ መጣ። ከበር የተቀበላቸው ባለቤቴ ነው፤ በምርኩዝ፣ ግን በእግሩ። ሙሴው አቅፈውት የጀርባውን አጥንት ሲቆጥሩት ቆዩ። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ እኔ ቀሪቦውን ቀዳሁ። ከገጠምኩት ወዲህ አልቀመስኩትም፤ ፈርቼ።

ሙሴው ተጎነጩ። ቀና አሉ። ዋንጫውን አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ጠላ ነው?»

እዋሽ ነበር እንዴ፣ ጽዋው ፊት? «ጠላ አይደለም፣ አባባ» አልኩ። «ጠላዬን ዝናብ ወሰደው። ይሄ የወሎ ቀሪቦ ነው። የሠራው የእኔ እጅ ነው፤ ያስተማረችኝ ግን ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት።»

አንዲት ሴት ዋንጫዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ሁሉ ዓይን ወደ ቄሱ ሄደ። ቄሱ ጠጡ። ጢማቸውን ጠረጉ። «ገብስና ማር እግዚአብሔር የፈጠራቸው ናቸው» አሉ። «ጠላ የጠጣሁ ቀን ዳዊቴ መሀል ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ዛሬ እጨርሳለሁ። ድገሚኝ።»

«ለእኔም!» አሉ አሮጊቷ፣ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ ብለው።

ያ ቀልደኛም አላስቻለው። «ሰባት ዓመት በዚህ ማኅበር ጠጥተን ተኳርፈን ነው የምንለያየው፤ ዛሬ ተፋቅረን ልንሄድ ነውኮ! የሚቀጥለው ደጋሽ ምን ይዋጠው?» ዋንጫዋን ያስቀመጠችውም ሴት እየሳቀች አነሳችው። ጋኑ እስከ አተላው ተገለበጠ። አተላም አልነበረውም!

ጓሮ ወጥቼ በአጣናው ቀዳዳ፣ «እትዬ!» አልኩ። እዚያው ቆማ ኖሯል።

«እህ? ወጣ?»

«ወጣ! ሙሴው ሦስት ጠጡ!»

ልጆች፣ ያችን እልልታ ብሰሟት! እኛ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ ለብቻዋ፤ የማን ድግስ ነው ብሎ ዶሮ ማነቂያ ሁሉ ወጣ። ማታ ልቃቂቴን አንስቼ ዛሬ ያየሁትን ደግ ነገር ልንገረው ብል፣ እሱም ነበረበት። ዝም ብዬ ጠቀለልኩ። በመስከረም ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ ማኅበሩ መጥቶ ጣሪያችንን ከደነልን። እኔም ከዚያ ወዲያ ለጊዮርጊስ ቀሪቦ እየተባልኩ በየቤቱ ስጠራ ኖርኩ።

ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ፣ እትዬ ልጇን ልትድር ሆነ። አንድ ቀን አጥሩ ጋ ጠራችኝና፣ «ለሠርጉ ቀሪቦውን አንቺ ጥመቂልኝ፤ ለልጄም አስተምሪያት» አለችኝ።

«አንቺ አስተማሪዬ እያለሽ እኔ?» ብዬ ሳቅኩባት።

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅኳት። ለካ ከእናቷ ቤት የወጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቀሪቦ ቀምሳ ታውቃለች እንጂ በዕድሜዋ አንድ ቀን ጠምቃ አታውቅም። ያን ሰሞን በየማለዳው በትንሽ ምንቸት ለራሷ ስትሞክር ኖሯል፤ ያ የባሏ ቆሎም ቆሎ አልነበረም። «ሦስት ምንቸት አበላሽቻለሁ» አለችኝ። «አንቺ የሰማሽው አራተኛውን ብቻ ነው።»